ባለ ሁለት ሆዱ ካሜራ

በሞምባሳ አሮጌው ከተማ ከእኔ ከሻሊ ምባራክ በፊት ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነበረ የሚሉ አሉ፤ ሰው በፎቶ ላይ ሰው መምሰል የጀመረው ግን እኔ ካነሳሁት ወዲህ ነው። አንዴ ወደብ ላይ ካሜራዬን ብደግን መርከቡ ራሱ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሞልኛል። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ስዋፊያ የመጀመሪያ ካሜራዋን ልትገዛ ስትነሳ ከእኔ ሌላ ማንን ይዛ ትሂድ?

ስዋፊያ ያሰበችው ሥራ ትንሽ ናት፤ ግን ወንድ የማይደርስባት። በእኛ ሰርግ ሙሽራዋ ተኳኩላ፣ ወርቋን ደርባ፣ ለሴቶች ብቻ የምትታይበት ምሽት አለ፤ ስዋፊያ ያንን ምሽት ማንሳት ነው የፈለገችው። ሴቶቹ ጥቁር ልብሳቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው ይጨፍራሉ። ወንድ ዝር አይልም፤ ስልክም አይገባም። እኔ እንኳ ይህን ሁሉ ዝና ተሸክሜ ደጃፉን አልፌ አላውቅም።

በሩን የሚጠብቁት ሙሽሮችን የሚያሰናዱት አሮጊት፣ ቢ ሁባ ናቸው። የእንግዳውን ስልክ በቅርጫት ይሰበስባሉ። ፎቶ አንሺዋ ስትጨርስ ደግሞ ካርዱን በገዛ እጃቸው ከካሜራው መዝዘው፣ ከላይ በደረቡት ባለ ጌጥ ጨርቅ፣ በሌሶው ጫፍ ቋጥረው፣ ለሙሽራዋ እናት ያስረክባሉ። ከዚያ ወዲያ የፎቶው ባለቤት እናትየዋ ናት። ቢ ሁባ «ትግባ» ያሏት ፎቶ አንሺ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አትፈታም፤ «አትግባ» ያሏት ካሜራዋን ሸጣ ቲማቲም ትቸርችር። ስዋፊያን የሐሙሱን ሰርግ እንድታነሳ ፈቅደውላታል፤ ለሙከራ።

ሰኞ ጠዋት ጃግዲሽ ሱቅ ገባን። አዲስም ያገለገለም ካሜራ ይሸጣል። እኔን ሲያይ ዋጋ ይጨምራል፤ ከአክብሮት ብዛት ነው።

«ለልጅቷ ትልቁን አምጣ!» አልኩት።

አመጣ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ትከሻው እንደ ኮርማ። ጎኑን ሲከፍተው ሁለት የካርድ ማስገቢያ ብቅ አለ።

«አንዱ ላይ ያነሳሽው እዚያው በዚያው ሁለተኛውም ላይ ይቀመጣል» አላት ጃግዲሽ። «አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለልሽ። በዚያ ላይ ፎቶውን በዋይፋይ ወደ ስልክሽ ይልከዋል።»

«ባለ ሁለት ሆድ!» ብዬ ጮህኩ። «ስዋፊያ፣ ይሄ ካሜራ አይደለም፤ ግመል ነው!»

«ግመል ሰርግ ቤት አይገባም፣ አጎቴ።»

ጎንበስ አለችና ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ፣ ያገለገለ ካሜራ አወጣች። ጨበጠችው፤ አውራ ጣቷ ቁልፎቹ ሁሉ ላይ ደረሰ። ስንት ፎቶ እንደተነሳበት ጠየቀች። ጃግዲሽ ቆጣሪውን አሳያት፤ ገና ጨቅላ ነው። ከዚያ የእናቷን የወርቅ አምባር ከቦርሳዋ አወጣችና «መጋዘንህን ክፈትልኝ፤ አንድ አምፖል ብቻ ተውልኝ፤ በሰርግ ቤት ብርሃን ልሞክራቸው» አለችው።

«አምባሩን ማን ያደርገዋል?» አልኩ።

አየችኝ።

እንዲህ ሆኖ እኔ፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳ፣ በካርቶን መሀል ሌሶ ተከናንቤ፣ አምባር አጥልቄ እንደ ሙሽራ አቀረቀርኩ። ጃግዲሽ እየሳቀ መደርደሪያ ላይ ተደገፈ። መጀመሪያ በትልቁ ካሜራ አብሮት በሚሸጠው ሌንስ አነሳችኝ፤ ቀጥሎ በአሮጌው፣ ዓይኗ ሰፊ የሆነች አጭር ሌንስ ገጥማበት። ፍላሽ አልነካችም፤ «ፍላሽ ወርቁን ያነጣዋል፣ ሂናውንም ያደበዝዘዋል» አለች። በትልቁ የተነሳው አምባር የፈሰሰ እርድ መስሏል። በአሮጌው ግን እያንዳንዱ ቀለበት ተቆጥሮ ይታያል።

«ገንዘቤን ዓይኑ ላይ ነው የማወጣው» አለች። የካርዱን በር ከፈተች፤ አንድ ማስገቢያ። «ዋይፋይ አለው?»

«አሮጌ ነው፤ የለውም» አለ ጃግዲሽ፣ እያፈረ።

ፈገግ አለች። «ይሄን ነው የምወስደው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። የሻሊ ምባራክ የእህት ልጅ አቧራ የለበሰ አሮጌ ካሜራ ገዛች ብዬ የሠፈሩ ሰዎች ከሚቀመጡበት የድንጋይ መደብ ላይ ላውራ? የሁመር ጭማቂዬን ፉት አልኩና፣ «ባለ ሁለት ሆዱን ገዛች!» አልኩ። «አንዱን ካርድ ብትወስዱባት ሌላው አላት! ሁለቱንም ብትወስዱባት ፎቶው በአየር ስልኳ ውስጥ ገብቶ ይተኛል!» መደቡ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ወሬው ከመደብ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ማጀት ሮጠ፤ ቢ ሁባ ዘንድ ሲደርስ ካሜራው ሦስት ሆድ አብቅሏል።

ረቡዕ ማለዳ ስዋፊያ ፎቶ ቤቴ ገባች። ፊቷ ኖራ መስሏል።

«ቢ ሁባ ሐሙስ እንዳትመጪ ብለው ላኩብኝ። አጎቴ፣ ምንድነው ያወራኸው?»

«ትንሽ… አሞገስኩሽ።»

«እንጀራዬን ነው የዘጋህብኝ! ነገ ካልገባሁ ከእንግዲህ በየትኛው በር ልገባ ነው?»

ካሜራውን አንጠልጥላ ስትወጣ ተከተልኳት።

ቢ ሁባ ደጃፋቸው ላይ ለሙሽራዋ ፀጉር የሚሆን የጃስሚን አበባ በክር ይሰካሉ። ቀና አላሉም።

«ባለ ሦስት ሆዷ መጣሽ?»

«ሁለት ነው» አልኩ በችኮላ። «ማለቴ…»

«አንተ ዝም በል፣ ሻሊ! ለፓስፖርቴ እኔን አነሳሁ ብለህ ሟቹን ወንድሜን አስመስለህ ነው ያወጣኸኝ።»

ስዋፊያ ተንበርክካ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አኖረችው። «እርስዎ ይክፈቱት።»

አበባ አበባ በሚሸቱ ጣቶቻቸው ከፈቱት። አንድ ማስገቢያ። ገለበጡት፤ ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት፤ ታችኛውንም በር ፈለቀቁ።

«ይሄስ?»

«ባትሪው ነው።»

«ፎቶ ይደብቃል?»

«ጉልበት ብቻ ነው የሚሰጠው።»

«ወደ ስልክ የሚልከውስ?»

«ይሄ አይልክም። ትልቁ ይልክ ነበር፤ ሁለተኛ ካርድም ነበረው። የተውኩትም ለዚህ ነው፣ ቢ ሁባ። እርስዎ አንዱን ቋጥረው ሲሄዱ ሴቶቹ ሌላውን እያሰቡ እንዲያድሩ አልፈልግም።»

አሮጊቷ አሁን ቀና አሉ። «ይህቺ አንዷ ካርድ ብትበላሽ ሰርጉ ጠፋ ማለት አይደል?»

«በአንድ ካርድ አላነሳም። አራት እይዛለሁ፤ ትንሽ ትንሽ አንስቼ እቀይራለሁ። እያንዳንዷን ስጨርስ እርስዎ ያወጡና ይቋጥሯታል። አንዷ ብትከዳን ሦስቱ አሉ።»

ቢ ሁባ ሌሶአቸውን ትከሻቸው ላይ አዩት። «ጫፉም አራት ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ያስተማርካት አንተ ነህ?»

አፌ «አዎ» ለማለት ተከፍቶ ነበር። የስዋፊያ ጉልበት አሁንም መሬት ላይ ነው።

«አይደለሁም» አልኩ። «እኔ ትልቁን ግዢ ነበር ያልኳት። ያወራሁትም ቅጥፈት ነው።» በሕይወቴ ሳልጨምር ያወራሁት ይሄን ብቻ ነው፤ ጥርስ የማስነቀል ያህል አመመኝ።

«ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነይ» አሏት ቢ ሁባ፣ አበባቸውን መልሰው እየያዙ።

ሐሙስ ገባች፤ አራቱም ጫፍ ተቋጠረ። ዓርብ የሙሽራዋ እናት መንገድ ላይ አቅፋ ስትስማት አየሁ፤ እሑድ ሁለት እናቶች ቀን አስያዟት። ፎቶዎቹን ወንድ አላያቸውም፤ ወደፊትም አያያቸውም። እኔ ግን መደብ ላይ ቁጭ ብዬ ከሞምባሳ እስከ ሕንድ እንዲህ ያለ ፎቶ ተነስቶ እንደማያውቅ አስረዳለሁ።

«አይተኻቸዋል እንዴ?» ይሉኛል።

ወደ ፎቶ ቤቴ እወስዳቸዋለሁ። በፓስፖርት ፎቶዎቹ መሀል ግድግዳው ላይ ከስዋፊያ ሙሽሮች ለወንድ የተፈቀደችው አንዷ ተሰቅላለች። ሌሶ ተከናንባ አቀርቅራለች። የአምባሯ ቀለበት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የጢሟም ፀጉር እንዲሁ።