እንቁ የጻፈችው የይለፍ ቃል

እንቁ ከአጽብሐ መልስ ስትጠብቅ ይኸው ሦስት ዓመት ሆናት። ሰውየው ግን ጭጭ!

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለው ማተሚያ ቤት እሷ አራሚ፣ እሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። ሥራ የጀመረች ቀን «የይለፍ ቃል ምረጪ» ቢላት፣ ፊት ለፊት የማትደፍረውን በፈረንጅ ፊደል ጻፈችው፦ አጽብሐ ማኪያቶ ጋብዘኝ። የኮምፒውተር ሰው ሁሉን ያያል ብላ ነዋ! ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትጽፈዋለች፣ እሱም በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ» ብሏት ያልፋል። አንዳንድ ቀን እያሰበበት ነው ትላለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ታኮርፈዋለች።

ሰኞ ዕለት የቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያስተናግድ አዲስ ሰርቨር መጣ። አጽብሐ «ሁሉም በድሮው የይለፍ ቃሉ ይገባል፤ መቀየሩን ማንም አይነቃም» ብሎ ጉራውን ነዝቶ ነበር። ጠዋት አንድም ሰው አልገባም።

«ኧረ እኔ ነቅቻለሁ!» አሉ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ዘይኑዲን ከቢሯቸው።

«ማሽኑ አዲስ ነው፤ የተጫነበት ሊኑክስ የሚሉት ሶፍትዌር ግን አሮጌ» አለ አጽብሐ ላቡን እየጠረገ። «የይለፍ ቃላችሁን አላውቅም አለ።»

«ታዲያ አንተ ከድሮው ላይ አንብበህ አትጽፍልንም?» አለች እንቁ።

«ምኑን ላንብብ? ሰርቨሩ እኮ ፈጭቶ ነው የሚያስቀምጠው። የተፈጨ በርበሬ ተመልሶ ዛላ ይሆናል? ስትገቢ የጻፍሽውን እንደገና ይፈጭና ከተቀመጠው ጋር ያስተያያል። የዚህኛው ወፍጮ ሌላ ስለሆነ አልገጥም አለ።»

«አንተም አይተኸው አታውቅም? አንድ ቀን እንኳ?»

«በጭራሽ!»

እንቁ ሳቅም ለቅሶም መጣባት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከወፍጮ ጋር ስታወራ ኖራለች! ያን ሁሉ ኩርፊያ ምን አመጣው? በራሷ ተናደደች።

አጽብሐ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ የይለፍ ቃል ለማስገባት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሮ እሷ ዘንድ ደረሰ። «ምረጪ፤ እኔ አላይም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ጣቶቿ የለመዱትን ሊጽፉ ቃጡ። ሰበሰበቻቸው።

«አጽብሐ።»

«አቤት?»

«ማኪያቶ ጋብዘኝ።»

እሰይ! ወጣላት። ጉንጯ ግን እሳት ሆነ። አጽብሐ ቀስ ብሎ ዞረና አያት፤ ከዚያ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆነ።

«አሁን እንሂድ?»

«ቆይ» አለች እንቁ ወደ ኪቦርዱ ጎንበስ ብላ። «መጀመሪያ የይለፍ ቃሌን ልቀይር፤ የድሮው ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።»