ተገልብጦ የተሰቀለው ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው የኖረችው ቂም አለ። ቂሟ ከመንገዱ ማዶ ካለው ልብስ ሰፊ ጋር ነው። በሯን አረንጓዴ ቀባች፤ በሳምንቱ የእሱም በር አረንጓዴ ሆነ። የደረት ኪስ ያለው ቀሚስ መስኮቷ ላይ ሰቀለች፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ ያው ኪስ፣ ያው ቁልፍ ማዶ ተሰቅሎ አገኘችው። ስሙን ትታ «መስታወት» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ዓይኑን በጨው የታጠበ ነውና ባገኛት ቁጥር እየሳቀ፣ «እትዬ፣ ምን አዲስ ነገር አስበሻል? እኔም ልዘጋጅ» ይላታል። አንጀቷን የሚያሳርራት ይሄ ሳቁ ነው።

ቂም ብቻ ሆኖ ቢቀር በቻለችው። ዘንድሮ ግን መስታወት የመስኮቱን ዙሪያ በመብራት አስጌጠና ደንበኛው ሁሉ ወደ ብርሃኑ ነጎደ። የእሷ የስፌት መኪና ቀኑን እኩሌታ ሥራ ፈቶ ይውል ጀመር። ይህን ያየ የአንድ ልብስ ፋብሪካ ሰው መጣና፣ «ሰኞ መልስሽን ልስማ፤ ኮሌታ ትሰፊያለሽ» አላት። ከጠዋት እስከ ማታ ኮሌታ ብቻ። እጅጌው የሌላ ሰው ነው፣ ቁልፉም የሌላ ሰው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ የሰፋች ሴት አንገት ብቻ እየሰፋች ልታረጅ ነው።

«አንቺም መብራት ግዢ» አለቻት ታናሽ እህቷ፣ ሐሙስ ዕለት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ እየለየችላት።

«እኔ አንድ ብገዛ እሱ ሁለት ይገዛል።»

«ታዲያ ሰው በምን ይለይሽ? ቀሚስሽ ቁርጥ የእሱን ነው የሚመስለው።»

«አይመስልም።»

«እትዬ፣ እኔ እህትሽ መለየት ያቃተኝን አላፊ አግዳሚው እንዴት አድርጎ ይለየዋል?»

ሰፊዋ አንዴ ከያዘች የማትለቅ ሴት ናትና፣ «አይመስልም ብያለሁ» ብላ አቀረቀረች።

በዚህ መሀል አንዲት አስተማሪ የድሮ ቀሚሷን በክንዷ አንጠልጥላ ገባች።

«ከሦስት ዓመት በፊት የሰፋሽልኝ ነው» አለች እያፈረች። «ወለድኩና ወገቤ እምቢ አለ። ይስተካከላል ብዬ ሳይሆን፣ ለመጣል አሳዝኖኝ ነው ያመጣሁት።»

ሰፊዋ ቀሚሱን ገለበጠችው። በግራም በቀኝም ከስፌቱ ወዲያ ሁለት ጣት የሚያህል ጨርቅ ተርፏል፤ ጠርዙ በክር ተዘምዝሟል። እናቷ ያስተማረቻት እንደዚያ ነው። ሰው በአንድ ልክ አይኖርም፣ ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ያረግዛል፤ ልብሱም ይከተለው ትል ነበር። ሌላው ሰፊ ጨርቅ ለመቆጠብ ከስፌቱ ሥር ይቆርጠዋል። ሰፊዋ የድሮውን ስፌት ፈታች፣ በካውያ አስተኛችው፣ ወደ ጠርዙ አስጠግታ ደግማ ሰፋችው።

አስተማሪዋ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳ ወጣችና ወገቧን ዳሰሰች። «ጨርቁን ከየት አመጣሽው?»

«እዚያው ነበር።»

«ሦስት ዓመት ለብሼው አላየሁትም።»

«በምን ታዪዋለሽ፤ ውስጥ ነው» አለች ሰፊዋ። ይህን ብላ መቀሷን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

አስተማሪዋ እንደወጣች ከመስኮቱ ላይ አዲሱን ሰማያዊ ቀሚስ አወረደች፤ ገልብጣ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ መልሳ ሰቀለችው።

«ሰው አበደች ይልሻል» አለች እህቷ።

«ይበል። ሊነግረኝ መግባቱ አይቀርም።»

እንዳለችውም ሆነ። አርብ ጠዋት አንዲት ነርስ በበሩ ብቅ ብላ፣ «እናቴ፣ ቀሚሱ ተገልብጧል» አለቻት። «አውቃለሁ የኔ ልጅ፤ ግቢና እዪው።» ነርሷ ትርፉን በጣቷ ለካች፣ ልኳን ሰጥታ ወጣች። ከእሷ በኋላ ሁለት እህትማማቾች መጡ፤ ቀጥሎ የልጁ ሱሪ በየወሩ የሚያጥርበት ሾፌር። ሁሉም ሊያርሟት ይገባሉ፣ ተለክተው ይወጣሉ።

ቅዳሜ መስታወት እንደ ልማዱ የራሱንም ቀሚስ ገልብጦ ሰቀለ። በዚያ ሁሉ መብራት ሥር ክሩ እንደ በቆሎ ጢም ተንጠልጥሎ፣ ጠርዙ አይጥ የበላው መስሎ ታየ። መንገደኛው እየቆመ ሳቀ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ አወረደውና መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ ዛሬስ እሱ አልሳቀም።

«እትዬ፣ ይሄን እንዴት ነው የምትሠሪው?»

«ትርፉን አትቁረጥ፣ ጠርዙን ዘምዝም። ሌላ ምስጢር የለውም። ቅዳ ብዬሃለሁ፤ ጨርቁ ግን ከራስህ ነው።»

ሰኞ የፋብሪካው ሰው ሲመጣ አምስት ሰው ወረፋ ይዟል። ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ «ኮሌታ እኮ እሰፋለሁ፤ ከነቀሚሱ ነው እንጂ» አለችው፤ ሰማያዊውን ቀሚስ ገዢ ወስዶት ነበርና አንድ ቀይ ቀሚስ ገልብጣ መስኮቱ ላይ ሰቀለች።