የዓሣ ዘይት የጠጣ ጠመንጃ

ጎረቤቴን ኮማንደር የምንለው ጦር ሜዳ ስለዋለ አይደለም፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ሥራው ሰዎች ለጨዋታ ብለው የቀለም ጥይት የሚተኳኮሱበት ሜዳ ላይ ጠመንጃዎቹን ማጽዳትና መጠገን ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንዱን ታቅፎ በሬን አንኳኳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ጉድ ፈላብኝ። ይሄ ነገር እንደ እባብ ያፏጫል፤ ጥይቱም አፈሙዙ ውስጥ ይፈርጥበታል። አለቃዬ ‹ደግሞ ቢያፏጭ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስረክበህ ትሰናበታለህ› ብሎኛል። አሁን መጥቶ ሊሞክረው ነው። እባክሽ መብራት ያዢልኝ።»

ግቢው ውስጥ ካለው መታጠቢያ አጠገብ ጋዜጣ አነጠፍን። እውነቱን ለመናገር ጥንቃቄውን ያውቅበታል፤ ጥይቶቹን አራገፈ፣ የአየር ሲሊንደሩን ፈታ፣ የቀረው አየር እንዲወጣ ወደ ግድግዳ አዙሮ ቃታውን ሳበ። ከዚያ በካቻቪቴ ከፈተው።

ሽታው ቀድሞ ወጣ። ውስጡ የፈረጠው ቀለም ከረጋ ዘይት ጋር ተለውሶ አክታ መስሏል፤ መሀሉ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተጋድሟል። አየር እንዳያልፍ የምትይዘዋን የጎማ ቀለበት በጥፍሩ ሲያወጣት አብጣ፣ ተልፈስፍሳ፣ ውሃ የጠጣ ትል ሆናለች።

«ምን ቀብተኸው ነው?»

«ዘይት ነዋ።»

«የምን ዘይት?»

መልሱ ከኋላችን መጣ፤ ሚስቱ ሽታውን ተከትላ ወጥታለች።

«የኔ ዘይት ነው! ዓሣ ጠብሼበት አጥልዬ ያስቀመጥኩት! እኔ እኮ ድመቷን ስረግም ከረምኩ!»

«የጠመንጃው ዘይት አለቀብኝ፤ ለአለቃዬ መንገር አፈርኩ። ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ…»

«ሎሚስ አልጨመቅክበትም?» አልኩት።

በለብታ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍገው ጀመር። ሲጨርስ ብሩሹን አለቅለቀና መልሶ ኪሱ ከተተው። ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ግን አይቻለሁ፤ ምነው ባላየሁ! ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በአፈሙዙ ደጋግሞ አሳለፈ፤ አዲስ ቀለበትም ከትንሽ ከረጢት አወጣ።

«ያለ ዘይት ደረቁን ብገጥመውስ? ለዛሬ አያፏጭም።»

«ለነገስ?»

«ደረቁ ብረት ቀለበቷን ይበላታል።»

«ደውልለት» አለች ሚስቱ። «ዘይት ይዘህልኝ ና በለው። ከዚህ በላይ ምን ታፍራለህ?»

እንደ ልጅ እያንገራገረ ደወለ። አለቃው ትክክለኛውን ዘይት ይዞ መጣ፤ ጠብታ ጠብታ አድርገው ገጥመው ሞከሩት። አላፏጨም፤ ቀለሙም ግድግዳው ላይ በደንብ አረፈ። አለቃው ደስ ብሎት ጠመንጃውን ወደ ፊቱ ሲያስጠጋ ግን ክው ብሎ ራቀ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የዓሣ ዘይት ነው፣ ጋሼ። ሁሉንም ነው የቀባሁት።»

ሁሉንም! ይህን ለእኛም አልነገረንም። አለቃው መሀረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ አደረገ።

«አንተው ራስህ ባትደውል ኖሮ ዛሬ እንለያይ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቁልፉ አንተው ጋ ይቆይ። የዛሬዎቹን ተጫዋቾች እኔ እመልሳለሁ፤ አንተ ግን አንድም ሳይቀር ትከፍታቸዋለህ።»

ኮማንደር የቀሩትን ጠመንጃዎች ከሜዳው በጆንያ ጎትቶ አመጣ። አንደኛው ሲከፈት አለቃው በሩጫ በሩን አልፎ ሄደ።

«እትዬ፣ መብራቱን ጠጋ አድርጊልኝማ።»

«ክንዴን ልዘርጋልህ እንጂ አፍንጫዬንስ አላስጠጋም» አልኩት።