ሳይጠራ የተዘለለ ውሃ

ሳላዲን ውሃውን ዘለለው።

መሪው ዳግም ግን ውሃ አለ ብሎ አልጠራለትም ነበር። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ድንገት ሽቅብ ሲሳብበት አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ። ያየው የሳላዲን እግር ከኩሬው ማዶ ሲያርፍ ነው። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ከአስፋልቱ ጠርዝ ያጠራቀመው ውሃ ነበር፤ ቢረግጠው ኖሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰጥም ነበር። ሳላዲን ግን አንድ ጠብታ ሳይነካው ሩጫውን ቀጠለ።

«ምነው ኢንጂነር ዝም አልክ?» አለ ትንሽ ከሄዱ በኋላ። «ትንፋሽህ ደግሞ ያረጀ ባጃጅ መሰለ።»

የዳግም እግር ይሮጣል፤ ሐሳቡ ግን ኩሬው ጋ ቆሟል። የጅምላ ነጋዴው የኸይሩ ልጅ ሳላዲን ሁለቱም ዓይኖቹ የጠፉት በሕፃንነቱ፣ በኩፍኝ መሆኑን ሲቀላ ገበያ ውስጥ የማያውቅ የለም።

አብረው መሮጥ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከጫማ ማሰሪያ የተሠራውን አጭር ገመድ በየጣታቸው አጥልቀው፣ ጎህ ሲቀድ በሙዝ እርሻዎቹ መካከል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ይሮጣሉ። ሳላዲን ጉልበቱን ያመጣል፣ ዳግም ዓይኑን። «ድንጋይ በቀኝ»፣ «ብሬከር»፣ «ውሃ፣ ዝለል» እያለ መንገዱን በቃል ይነግረዋል። ሳላዲንን በቀኙ፣ በመንገዱ ዳር በኩል ያደረገው ዳግም ራሱ ነው፤ መኪና ቢመጣ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ ብሎ።

ዳግም ቀያሽ ነው። የለካውን መሬት መልሶ ሳይለካ አይፈርምም። ስለዚህ በአንድ ኩሬ አልፈረደም፤ ያለፉትን ልምምዶች በሐሳቡ መልሶ አንድ በአንድ መረመራቸው። ከመንገዱ ዳር የተዘረገፈ ጠጠር ነበር፤ ሳላዲን ሳይጠራለት ወደ ግራ ተጠግቶ ዳግምን በትከሻው ገፍቶ አልፏል። ከዚያ በፊትም የቆመ ሞተር ሳይክል ነበር። ያኔ በድምፅ የለየው መስሎት አድንቆታል። የረጋ ውሃ ግን ድምፅ የለውም።

በዚያው ሳምንት ለውኃ ቧንቧ የሚሆን ቦይ በመንገዱ ቀኝ ዳር ተቆፈረ። መስመሩን ያሰመረው ዳግም ስለነበር ቦታውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ከትልቁ ማንጎ ዛፍ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ሐሙስ ማለዳ ማንጎውን ሲያልፉ አፉን ዘግቶ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሳላዲን ቢሳሳት ከመውደቁ በፊት ሊስበው ተዘጋጅቷል።

መሳብ አላስፈለገውም። ሳላዲን ቀድሞ ወደ ግራ ዘንበል አለ፣ ዳግምን እየገፋ ወደ አስፋልቱ መሀል አወጣው፣ አለፈ፣ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዳግም አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ የቦዩን ቀይ አፈር ወደ ኋላ ሲቀር አየው።

ታዲያ እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንን ሲመራ ነበር? እሑድ የክልሉ ቡድን ምርጫ አለ። በዓይነ ስውራን ምድብ የሚያልፈው አንድ ሯጭ ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ሳላዲን ካለፈ፣ በየዓመቱ ሁለተኛ እየወጣ ወደ አገሩ ካምባ የሚመለሰው ዳልጮ ዳግመኛ ይቀራል። ዳልጮ ደግሞ እውነተኛ ዓይነ ስውር ነው።

ዕለቱን ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ወጣ። ከሚኒባሱ ወርዶ መንገድ ሲያቋርጥ አንድ ባጃጅ ልብሱን ነክቶት አለፈ፤ ከየት እንደመጣ አላየውም፣ የአሽከርካሪውን ስድብ ግን ሰማ። የክለባቸው አሠልጣኝ ዘርፈሽ ቢሮ ገብቶ ያየውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገራት። ሲጨርስ በቀኙ የተቀመጠለትን ሻይ በክርኑ ገፍቶ ደፋው። ድንጋጤው ነው ብለው ሁለቱም አለፉት።

ዘርፈሽ ሳላዲንን በማግስቱ ሐኪም ዘንድ እንደምትወስደው፣ የጠቋሚውን ስም ግን መደበቅ እንደምትችል ነገረችው። ዳግም አልፈለገም። እኔው እነግረዋለሁ አላት።

ዓርብ ጠዋት ሩጫው እንዳበቃ ነገረው። ሳላዲን ላቡን በካናቴራው እየጠረገ ስለ እሑድ ይቀልድ ነበር።

«ሳላ፣ አንተ ታያለህ» አለው።

የሳላዲን ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን እንደተባለ ገና ያልደረሰው ይመስል ፊቱ ላይ ቆየ። ዳግም ስለ ኩሬው፣ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ሞተሩና ስለ ቦዩ ነገረው። ለዘርፈሽ መንገሩንም አልደበቀም። ሳላዲን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ዳግም ይህን የጥፋተኛ ዝምታ አድርጎ ቆጠረው።

«ሐኪም ይየኝ» አለ ሳላዲን በመጨረሻ። «ግን አንተም አብረኸኝ ትመጣለህ።»

ከሰዓት በኋላ ሴቻ ውስጥ ባለች አንዲት የዓይን ክሊኒክ ተገናኙ። ሳላዲንን እጁን ይዛ ያመጣችው ታናሽ እህቱ ሸይማ ነበረች። ዶክተር ሜሮን ሁለቱንም ዓይኖቹን በመብራትና በመሣሪያ ደጋግማ አየች። ከዚያ ወደ ዘርፈሽ ዞራ ብርሃንና ጨለማ እንኳ እንደማይለይ፣ ይህም የቆየ መሆኑን፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር እንደሌለው ተናገረች።

ዘርፈሽ ዳግምን አየችው። ዳግም ያየውን በትክክል አይቷል፤ ኩሬው ተዘሏል፣ ቦዩ ታልፏል። ሐኪሟም ትክክል ናት። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ?

መልሱ የመጣው በሩ አጠገብ ከተቀመጠችው ከሸይማ ነው። ከአስር ሰላት በኋላ በየቀኑ እሷና ወንድሟ ያንኑ መንገድ በእግራቸው ይሄዱታል። አዲስ የተቆፈረውን፣ የተዘረገፈውን፣ ሞተር የሚቆምበትን፣ ውሃ የሚቋጥረውን ቦታ እሷ ትነግረዋለች፤ እሱ በዘንጉ ነክቶ፣ ርቀቱን ቆጥሮ ያጠናዋል። ይህን የጀመሩት ክረምት ላይ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ነው። ዳግም ያንን ቀን ያስታውሰዋል፤ እግሩ ዞሮበት ወደቀ ብሎ ለሰው ሁሉ የተናገረው እሱ ነበር።

«ምን አስፈለገ?» አለ ዳግም። «የምጠራለት እኔ አለሁ አይደል?»

ሸይማ አንገቷን ደፋች። ሳላዲን ፊቱን ወደ ሐኪሟ ድምፅ አዞረ።

«ዶክተር፣ እሱንም እዩልኝ።»

ዳግም ሳቀ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ ብሎ ነው። ሐኪሟ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነችበት፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ መጨረሻው ረድፍ አነበበላት፤ ድምፁም የባለሙያ ኩራት ነበረው። ከዚያ እጇን ወደ ግራው አዛወረች። ክፍሉ ጨለመ። እንድታነሣው ጠበቀ። አላነሣችም።

«ዶክተር፣ ሁለቱንም ሸፍነውብኛል» አላት በትህትና።

«አንዱን ብቻ ነው የሸፈንኩት።»

ዳግም ቀስ ብሎ ጣቱን ወደ ቀኝ ዓይኑ ወሰደ። ሽፋሽፍቱ ጣቱን ነካው። ዓይኑ ክፍት ነበር።

ሐኪሟ ግራውንም በመሣሪያ ካየች በኋላ ረጋ ብላ አስረዳችው። በዓይን ውስጥ ያለ ግፊት ሳያም፣ ሳያቀላ ነርቩን ይገድለዋል። ቀኙ አልቋል። ግራውም ከአፍንጫው በኩል፣ ማለትም ከቀኝ ወገን፣ መጥፋት ጀምሯል። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ሰው ለዓመታት አያውቀውም። የቀረውን በጠብታ መጠበቅ ይቻላል፤ የጠፋው አይመለስም።

«ከጥቂት ወራት በፊት ቢመጡ ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

ያንን ያልተጨረሰ ነገር ሁሉም ሰሙት። የሳላዲን ፊት ግን ዳግም አይቶት በማያውቀው አኳኋን ተለወጠ።

«እንደዚህ የሚብስ ነገር መሆኑን አላወቅኩም፤ ወላሂ» አለ። «ቀኝህን እንደማታይ ግን ከወደቅኩበት ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ። የማትጠራልኝ የቀኙን ብቻ ነበር። ብነግርህ ገመዱን ትለቃለህ። ምርጫው እስኪያልፍ ብዬ ዝም አልኩ።»

ዳግም ሳላዲንን አታላይ ነው ብሎ ከስሶታል፤ ክሱ ሐሰት ነበር። ይኸው ሰው ደግሞ እውነቱን እያወቀ፣ ለአንድ እሑድ ሲል በየማለዳው ከጎኑ ሮጧል። የትኛው እንደሚከፋ ሊመዝን ሞከረ፤ የሚጀምርበትን አጣ።

ዘርፈሽ ግን መናገር ነበረባት። በዚህ ዓይን ማንንም መምራት እንደማይችል፣ መሪ የሌለው ሯጭ ደግሞ እሑድ እንደማይሰለፍ ነገረቻቸው። ሳላዲን ዘንጉን ጨበጠ።

ከክሊኒኩ ሲወጡ ሸይማ ጠብታውን ልትገዛ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደች። ዳግም ሚኒባስ አልፈልግም ብሎ ቁልቁለቱን ወደ ሲቀላ በእግሩ ጀመረው። ሳላዲን የዘንጉን ድምፅ እያሰማ ተከተለው። ዳግም ጥቂት ሄዶ ቆመለት። እንደ ልማዱ በቀኙ ሊያደርገው ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወደ ግራው አዞረውና ክርኑን ሰጠው።

የቁልቁለቱን ግማሽ ወረዱ።

«ኢያኤል ይፈጥናል» አለ ዳግም በመጨረሻ። ኢያኤል የክለቡ ወጣት ሯጭ ነው። «እሑድ እሱ ይያዝህ። ለዘርፈሽ እደውላለሁ።»

«ኢያኤል? ያ ዝምተኛ? ሰላምታ እንኳ ተለምኖ ነው።»

«ነገ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ አስጮኸዋለሁ።»

ሳላዲን ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። ዳግምም አልሳቀም። ገመዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሳላዲን ተቀብሎ ጣቱ ላይ ጠመጠመው፤ ያዘኝም፣ ይቅር በለኝም አላለም። የዳቦ ቤቱን ሽታ አልፈው መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ እርምጃውን ገታ አደረገ።

«በቀኝህ የጎርፍ ቦይ አለ» አለ። «ክዳን የለውም።»

ዳግም አንገቱን አዞረ። ቦዩ እዚያው ነበር፤ ከጫማው አንድ ስንዝር የማይሞላ ርቀት ላይ፣ ጥልቅና ክፍት። ይህንንም ቦይ ከመቆፈሩ በፊት የለካው እሱ ነበር።