ፀሐይ ከጀርባው

በላቸው መልከ መልካም የሚባል ሰው አልነበረም። በጎረምሳነቱ በሬ በቀንዱ መትቶት አፍንጫው ወደ ግራ ዘመም ብሏል፤ የአንድ ዓይኑ ቆብም ከሌላው ዝቅ ስለሚል ሁልጊዜ አንድ ነገር ሊናገር ጀምሮ የተወ ይመስላል። ሚስቱ ሽታዬ ግን ያንን ፊት ትወደው ነበር። ሲስቅ አፍንጫው ይበልጥ ይጣመማል፤ እሷም እሱን ለማሳቅ የማትቀባጥረው ነገር አልነበረም።

ፎቶ አንሺው ፊልጶስ ያንን ፊት አንድም ቀን ልብ ብሎ አላየውም። ጎንደር ፒያሳ ላይ ስቱዲዮ አለው። እንጀራው የሠርግና የምረቃ ፎቶ ነው፤ የሚያሳብደው ግን የፀሐይ መውጫ ነው። ከድብ ባሕር ወጣ ብሎ እነበላቸው ቤት አጠገብ ያለውን ገደል ካገኘ ወዲህ ክረምቱ እንደወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ አይቀርም። ዓርብ ማታ መጥቶ እነሱው ቤት ያድራል። ሽታዬ መደቡን ለቅቃ አንጥፋ ታስተኛዋለች፤ እሱ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በላቸውን ቀስቅሶ ይዞት ይወጣል።

እውነቱን ለመናገር የሚያየው ነገር ደስ ያሰኛል። ጉሙ ከገደሉ ሥር እንደ እርጎ ረግቶ፣ የማዶዎቹ ተራሮች ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ወጥቶ፣ ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ፊልጶስ የሚሆነውን ያጣል። ደመና ከመጣ ደግሞ ደመናውን ከነዘር ማንዘሩ ይሰድበዋል። ጣቱ በብርድ ይደርቃል፣ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል፣ ባትሪው በውርጩ ቶሎ ያልቃል። ይህ ሁሉ ችግር የሚቻለው ፀሐይዋ ለዓይን ለምትመችበት ለዚያች አፍታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ትሆንና አትረባም።

ፀሐይ ብቻዋን ግን ፎቶ አትሆንም፤ ከፊቷ የሚቆም ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው በላቸው ነበር። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በዱላው ላይ ጥሎ፣ ፀሐይዋን ለጀርባው ሰጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ይገተራል።

“አያ በላቸው፣ ጋቢውን አውልቀው” ይለዋል ፊልጶስ። “በጋቢ የጭድ ክምር ነው የምትመስለው። ቅርጽህ አይወጣም።”

“ኧረ ብርዱ!”

“አንድ አፍታ ነው፣ አሁን ትወጣለች።”

በላቸው ጋቢውን ለሽታዬ አቀብሎ በሸሚዝ ይቆማል። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ እንኳ ቀልዱን አይተውም። “ፒያሳ ግድግዳ ላይ ልሰቀል ነው አሉ፤ እዚያ እንኳ ይሞቀኝ ይሆናል” ይላል።

ሽታዬ ያኔ ሆዷ ገፍቷል። አንድ ቀን ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ፊልጶስ ዕቃውን ሲሰበስብ ጠጋ ብላ ለመነችው።

“ወንድም ዓለሜ፣ እስቲ አንዴ ወደ ፀሐይዋ ዙር በለውና ፊቱን አንሳልኝ። ለሚወለደው ልጅ ይሆነኛል።”

“ፊት የስቱዲዮ ነው፣ እታለም” አለ ፊልጶስ የካሜራውን ማቆሚያ እያጠፈ። “ፒያሳ ስትመጡ አሳምሬ አነሳችኋለሁ። ባትሪዬን ለነገው ሠርግ ልቆጥብ።”

“ለጥምቀት እንመጣለን” አለ በላቸው። “ቀሐ ወርደን ጠበሉን ተረጭተን፣ በዚያው እንነሳለን።”

ለጥምቀት አልደረሰም። ኅዳር ላይ፣ ልጁ ፋሲካ በተወለደች ሰሞን፣ ሳል ጀመረው። እየሳለም ቅዳሜ ቅዳሜ በሸሚዝ መቆሙን አልተወም፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው ባይ ነበር። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ሲያደርሱት ሳንባው ክፉኛ ተይዟል፣ ዘግይታችኋል ተባሉ። ታኅሣሥ ሳያልቅ ሞተ።

በዚያ አገር የሟች ልብስና ዱላ በልቅሶው መሐል እየዞረ ይለቀሳል። አሁን አሁን ደግሞ በመስታወት የታቀፈ ፎቶ ካልዞረ ልቅሶው የደሀ ልቅሶ ነው። የበላቸው ፎቶ መታወቂያው ላይ የተለጠፈችው ጉርድ ብቻ ነበረች፤ እሷም ኪሱ ውስጥ ዝናብ እየመታት ነጥታ፣ ዓይንና አፍንጫ የማይለይባት ሆናለች። ወንድሙ አስናቀው በቀብሩ ዕለት አንገቱን ደፍቶ ዋለ።

“ወንድሜን እንደ ውሻ ቀበርነው” አላት ሽታዬን። “ያ ፎቶ አንሺ ስንት ቀን ሲያነሳው ከረመ፤ ለአርባው ፎቶውን ሳትይዥ እንዳትመጪ።”

የአርባው ዋዜማ ዕለት ሕፃኗን አዝላ ጎንደር ገባች። ስቱዲዮው በር ላይ በላቸው በግድግዳው ሙሉ ተሰቅሎ አገኘችው፤ ዱላው፣ ትከሻው፣ ቀዩ ሰማይ። ፊቱ ጥቁር ነው።

ፊልጶስ ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ ሥራ በዝቶበት ወደ ገደሉ ብቅ አላለም ነበርና መርዶውን ሲሰማ ደነገጠ። “ምነው? ምን ሆኖ?”

“ሳል ነው።”

“አዬ፣ የእናንተ አገር ብርድ አይጣል ነው” ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። “ሰው ደግሞ ራሱን አይጠብቅም።”

ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ በአንድ አሳያት። በላቸው በቀይ ሰማይ፣ በላቸው በጉም መሐል፣ በላቸው ፀሐይዋን በትከሻው አዝሎ።

“ፊቱስ?” አለች።

“ይኸውልሽ ፊቱ።”

“ይኸማ ጥላ ነው።”

ብርሃኑን ከፍ ሲያደርገው ጥቁሩ ወደ አመድነት ተለወጠ እንጂ ፊት አልወጣውም። ፊልጶስ ትንሽ አሰበና ሌላ ነገር ነካካ። ከአመዱ ውስጥ ሰው ብቅ አለ፤ አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ዓይኖቹ እኩል፣ ጥርሱ ነጭ።

“ይኸ ማነው?”

“በላቸው ነዋ! ኮምፒውተሩ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።”

“አፍንጫው እንዲህ አይደለም” አለችና በጣቷ አሳየችው። ሲያጣምመው የጠላ ቤት ተደባዳቢ መሰለ። ዓይኑን ዝቅ ሲያደርገው የታመመ መሰለ። “ሲስቅ እኮ…” ብላ ጀመረችና ቃል አጣች። ያን ሁሉ ዘመን ያየችው ፊት ለሌላ ሰው ሲነገር ምንም አይሆንም።

ፊልጶስ ሰዓቱን አየ። “እታለም፣ ነገ ሳይነጋ ተራራ ወጪ ነኝ። የመጀመሪያውን ውሰጂ፣ ያምራል። ማን ይለየዋል?”

እምቢ ማለት ነበረባት። ግን የመጨረሻው መኪና ሊወጣ ነው፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ አስናቀው እዚያ አገር ቤት ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ተቀብላው ወጣች።

በአርባው ፎቶው ሲዞር ለቀስተኛው በዋይታ ተናጋ። አስናቀው ደረቱን እየመታ “ቁርጥ እሱን! ቁርጥ ወንድሜን!” አለ። ፎቶው እናቱ ዓይናዲስ ዘንድ ሲደርስ ግን አሮጊቷ አቅፋ በመሳም ፈንታ አርቃ ይዛ አየችው።

“ይኸ የማን ልጅ ነው?” አለች። “የኔን ልጅ አምጡልኝ።”

“አይ እናት! ሐዘኑ ልቧን አሳታት” አሉ ሴቶቹ፤ ብብትና ብብቷን ይዘው ሊያስቀምጧት ሞከሩ። እሷ ግን ተወራጭታ ወደ ምራቷ ዞረች።

“አንቺ፣ ሸጋ አርገሽ እይው። ይኸ ባልሽ ነው?”

ሁሉም ወደ ሽታዬ አየ። አስናቀውም አየ።

“ነው” አለች ሽታዬ።

ዓይናዲስ ከዚያን ቀን ጀምሮ እውነትም ልቧን መጠርጠር ያዘች። ሰው ስታገኝ “ልጄን አላወቅሁትም፣ ልጄን እኮ አላወቅሁትም” እያለች ታለቅሳለች። ሽታዬ ትሰማታለች፤ አንድም ቀን ደፍራ እውነቱን አልነገረቻትም። ፊልጶስም ሌላ ገደልና ሌላ ሰው አገኘ።

ፎቶው ከበሩ ትይዩ ተሰቀለ። የጧት ፀሐይ በበሩ ስትገባ መጀመሪያ የምታርፈው እሱ ላይ ነው። ፋሲካ አፏን ስትፈታ ወደ እሱ እያመለከተች “አባ!” አለች፤ መስታወቱን ካልሳመች ቁርሷን አትበላም። ሽታዬ ይህን ዕለት ዕለት ታያለች። አንድ ቀን ጨከነችና ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

“አባትሽ እኮ እንዲህ አልነበረም። አፍንጫው ዘመም ያለ ነበር፣ ወደ…”

ወደ የት? በስተቀኝ ነው በስተግራ? ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ሌሊቱን ስታስብ አደረች፤ አልመጣላትም።

ጎህ ሲቀድ የበላቸውን ጋቢ ይዛ ወደ ገደሉ ሄደች። ፊልጶስ ማቆሚያውን ይተክልበት በነበረው ቦታ ተቀመጠች። ጉሙ እንደ ድሮው ከሥር ረግቷል፣ ሰማዩም ቀላ። ዓይኗን ስትጨፍን በላቸው ወዲያው መጣላት፤ ዱላው ትከሻው ላይ፣ ፀሐይ ከጀርባው፣ ድፍን ጥቁር ሆኖ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በሐሳቧ ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፣ ቀና ብላም አየችው።

አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ጥርሱ ነጭ የሆነ ሰው ፈገግ አለላት።