አምፖሉ እስኪደበዝዝ

ሽቦ ከቤት ወጥታ ዳቦ ቤት ደርሳ ለመመለስ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅባታል። ከዚያ አልፋ ከሄደች ወር ሞላት። መብራት በጠፋ ቁጥር የአባቷ የኦክስጅን ማሽን ዝም ይላል፤ እሳቸው ያለ ማሽኑ ሩብ ሰዓት ቢታገሡ ነው፤ ማሽኑን ከባትሪ የሚያስነሳውን ሣጥን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅበት የለም። ሣጥኑን የሠራችው ራሷ ነች። ሰው በገዛ እጁ እስር ቤቱን ሲገነባ ጡብ የሚያቀብለው አያጣም፤ የእሷንም ሥራ ቤተሰቡ ሁሉ እያጨበጨበ ነበር ያስፈጸማት።

"ሽቦ" ያላት ሰፈሩ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጣለ ገመድ አይታ አታልፍም ነበር። ስምንት ዓመት ቀለም ሸጠች፣ ማታ ማታ ደግሞ ትበይዳለች፣ ታፈነዳለች፣ እንደገና ትበይዳለች። አባቷ ሲታመሙ ሱቁን ትታ ቤት ገባች። ከወር በፊት በሌላ ከተማ የባትሪ መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ላከላት። ዕድሜ ልኳን በትርፍ ጊዜዋ የሠራችውን ሥራ እንጀራዋ ልታደርገው ነው። ቦታውን እስከ ሰኞ ያቆዩላታል። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ አራት ትራንዚስተሮች አሉ። እንደ በር ሁለት ሁለት እየሆኑ በየተራ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁሉም አንድ ላይ የተከፈቱ ዕለት የባትሪው ኃይል ባንዴ ይፈስባቸውና ጧ ይላሉ፤ ሽታው ለሁለት ቀን ከመጋረጃው አይወጣም። መጀመሪያ ላይ ሣጥኑ በአንድ ቁልፍ ብቻ ይነሳ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ነደደ። ጠገነችው፤ ነደደ። እንደገና ጠገነችው፤ ነደደ። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነ ነገሩ። በመጨረሻ አንድ የመኪና አምፖል በባትሪውና በሣጥኑ መካከል አስገባች። ሣጥኑ ሲነሳ አምፖሉ ቦግ ብሎ ድንጋጤውን ይውጥላታል፤ ደብዘዝ ሲል ጠብቃ አምፖሉን ትዘለውና ባትሪውን ከሣጥኑ ጋር በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ታገናኘዋለች። ያቺን ቅጽበት የምታውቃት እሷ ብቻ ነች። ሹፌሩ ወንድሟ አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እሱ ግን የሚለቀምም አላስተረፈም።

አሁን የቀሯት ሣጥኑ ውስጥ ያሉት አራቱ ትራንዚስተሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ከነደዱ ምትክ የላትም። ጠረጴዛው ላይ ሣጥኑን ከፍታ ጥፋቱን ትፈልጋለች። አባቷ አልጋቸው ላይ ተደግፈው የሸሚዝ ቁልፍ ይተክላሉ። አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው እጁን እንዴት ያሳርፈዋል?

"ዛሬም አልተገኘም?" አሉ።

"አልተገኘም፣ አባዬ።"

"እንግዲህ ካልሆነ ካልሆነ ነው።"

ይህቺ "ካልሆነ ካልሆነ ነው" አንጀቷን ታሳርራታለች።

ያልለካችው ነገር የለም። ባትሪውን ለክታለች፣ በሮቹን የሚያዘውን ቺፕ ሦስት ጊዜ ቀይራለች። ያልነካችው ከየትራንዚስተሩ ሥር ያሉትን አራት ትንንሽ ሬዚስተሮች ብቻ ነው። ከሁሉ የረከሱት እነሱ ናቸው፤ ራሷ በይዳቸዋለች፤ ራሱ የበየደውን ማን ይጠረጥራል? የመለኪያዋን ጫፍ እንዲሁ ለአመል ያህል አስነካቻቸው። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ላይ መለኪያው ምንም አላሳየም። አራተኛውም እንዲሁ። በወረንጦ ነካ ስታደርገው እግሩ ተነሳ። ተቆርጦ፣ መልሶ ቦታው ላይ ተጫን ተደርጓል።

ክው አለች። የእሷ መቁረጫ ሽቦ ሲቆርጥ ጫፉን ጨምድዶ ነው የሚተወው። ይህ ግን ልሙጥ ነው። ቀና ስትል በአባቷ ትራስ ላይ ያለችውን የክር መቀስ አየች።

ሣጥኑ ሲሠራ መብራት የያዙላት እሳቸው ነበሩ። "ይቺስ ምን ትሠራለች?" ብለው ወደ ሬዚስተሯ እያመለከቱ ጠይቀዋት፣ "ቺፑ እስኪነቃ በሮቹን ዘግታ ትይዛለች" ብላቸዋለች። "እንደ ጊዜያዊ ስፌት በይኛ" አሉ ያኔ፤ ገብቷቸዋል።

"አባዬ፣ መቼ ነው የቆረጡት?"

መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰኩ። ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አስተካከሉ።

"ደብዳቤው የመጣ ዕለት። ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ።"

"ሲነድ ትንፋሽዎ ቢቆምስ?"

"አንቺ ካለሽ ምን እሆናለሁ ብዬ ነዋ።" ሸሚዙን ወደ ጎን አኖሩት። "ፈራሁ፣ ልጄ። በቃ ፈራሁ።"

ተናደደች። ወር ሙሉ ሣጥኑን ስትረግም፣ የራሷን እጅ ስትጠራጠር፣ እሳቸው ቁልፍ ይተክሉ ነበር። መጮህ ፈለገች፤ ግን በዚያ በሰለለ ደረት ላይ እንዴት ይጮኻል? የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሣጥን ይጠገናል። የአባት ፍርሃት በምን ይበየዳል?

መበየጃውን አነሳች። ሦስተኛውን ሬዚስተር ቀየረች። አራተኛውን ልትጨርስ ስትል መብራት ሄደ፤ ማሽኑ ዝም አለ። መበየጃው ሳይበርድ የመጨረሻዋን እግር አጣበቀች። እጇ እንደለመደው ወደ አምፖሉ ሄደ።

"ተይው" አሉ አባቷ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ። "ያለሱ ይነሳል።"

በቀጥታ አገናኘችና ቁልፉን ተጫነች። ጧ አላለም። ሣጥኑ ጉም ጉም አለ፣ ማሽኑ አንዴ አቃስቶ ተነሳ። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

ስልኳ ጠራ፤ ወንድሟ ነው። "ተገኘ?"

"ተገኘ፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ማንም ያስነሳዋል፤ አንድ ቁልፍ ነው።"

"እሰይ! አንቺ ስትሄጂ እኔ እመጣለሁ፣ ከአባዬ ጋር አድራለሁ። ለመሆኑ ምን ነበር?"

አባቷን አየቻቸው። ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ሆድ ይፍጀው አለች።

"የኔ ጥፋት ነው። በደንብ አልበየድኩትም ነበር።"

ስልኩን ዘጋች። የሣጥኑን ክዳን ገጠመች።

"ሰኞ ጧት ነው የምትገቢው?" አሉ አባቷ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ነገ ውጪ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።" ከትራሳቸው ላይ የክር መቀሱን አንስተው ዘረጉላት። "ይሄን ግን ይዘሽው ሂጂ። እዚህ ከዋለ ራሴን አላምነውም።"