ያልተቀበሉት ምሳ

ሥርጉት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ወዳለው አሮጌ ሕንፃ የምሳ ሳጥኖቿን ይዛ ስትመጣ፣ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ሁልጊዜ ቴሌቪዥን ፊት ናቸው። በፈረንጆቹ 2013 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ብሶባቸው ነበር፤ ከኮንግረሱ ክርክር ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ገሚሱ ከሀብታሞች ላይ ግብር ይጨመር ይላል፣ ገሚሱ አምስት ሳንቲም አይጨመርም ይላል። እስከ ቀነ ገደቡ ካልተስማሙ የመንግሥት ወጪ ከየአቅጣጫው በራሱ ጊዜ የሚቆረጥበትን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ፈርተን እንስማማለን ብለው ነው አሉ። እንዲህ ያለው ብልጠት ቢቀርባቸው ምን ነበረበት!

«ይስማማሉ፤ ትልልቅ ሰዎች አይደሉም እንዴ?» ይላሉ ጋሼ የሳጥኑን ክዳን እየከፈቱ። «መጨረሻ ላይ አንደኛው ይለሳለሳል።»

ሥርጉት ለአረጋውያን በየቤታቸው ምሳ የሚያድል ድርጅት ሾፌር ናት፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ጋሼ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ምድጃ ለኩሰው እንቅልፍ ስለወሰዳቸው አከራያቸው ጋዙን ዘግቶባቸዋል። ታች ቤት የሚኖሩት እትዬ ሰርክ ደግሞ ስኳሩ እግራቸውን ይዟቸው ከወንበር አይነሱም። የሁለቱም ትኩስ ምግብ እሷ የምታመጣው ነበር።

የኮንግረሱ ሰዎች አልተስማሙም። ማርች ሲገባ ያ ሕግ መቁረጥ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወይ ዶሮ ነው፣ ወይ ቺዝ ነው። በጾሙ ወራት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሽሮና ምስር ያመላልሱላቸዋል፤ ጾሙ ሲፈታ እነሱም ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሥርጉትን አስከትለው ወደ እትዬ ሰርክ ወረዱ።

«እስከ ፋሲካ አታምጪልን» አሏት። «ለሚበላው ስጪው።»

እትዬ ሰርክ አመነቱ። «ተቀብለን ለጎረቤት ብንሰጠውስ?»

«የማንበላውን በስማችን መቀበል ሌብነት ነው፣ ሰርክዬ» አሉ ጋሼ። እትዬ ሰርክ ጋሼ ያሉትን አይጥሉም፤ እሺ አሉ። የሕንፃው ሌሎች ጿሚዎችም እነሱን ተከተሉ።

ሥርጉት ጴንጤ ናት፣ ሁዳዴን አትጾምም። ቢሆንም ቃላቸውን አከበረች፤ ሥራ ስትጨርስ በየቀኑ «አልተቀበሉም» እያለች ለቢሮ ተናገረች። እውነት ነው፣ አልተቀበሉም። እውነት መናገር ይህን ያህል ያስከፍላል ብሎ ማን አሰበ?

የፋሲካ ማግስት ጠዋት፣ ሳጥኖቿን ልትጭን ስትል፣ የቢሮው ኃላፊ ማቲያስ ጠራት።

«ሶ፣ ሥርጉት፣ በጀቱ ከት ተደርጓል። ዲማንድ የሌለበትን ሩት፣ ማለቴ መስመር፣ ማውጣት ነበረብን። የፌርፋክስ ሕንፃሽ ሰዎች ደግሞ ጾሙን ሙሉ ሪፊውዝ አድርገዋል።»

«ጾም ነበር እኮ፣ ማቲያስ! አንተ ይህን አታውቅም?»

«እኔማ አውቃለሁ፤ ነገርኳቸውም። ቦርዱ የሚያየው ቁጥር ነው። ኦኬ፣ ዌይቲንግ ሊስት ላይ እናስገባቸው።»

«ተራቸው መቼ ይደርሳል?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አለ ማቲያስ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ሰድባው ትንሽ ይወጣላት ነበር።

ጋሼ በሩን ከፍተው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቋት። «እንኳን አደረሰሽ ልጄ! ዛሬ ያመጣሽውን ሁሉ እበላለሁ፤ ያንን ቺዝሽን ሳይቀር!» ሳቁ። ከዚያ ባዶ እጇን አዩ።

መንገድ ላይ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። «ጋሼ፣ ምሳው ቀረ። ኮንግረሱ ነው፤ በጀቱን ቆረጡት።»

«ለሰው ሁሉ?»

አዎ ልትል አፏን ከፈተች። እኚህን ሰው መዋሸት አልሆነላትም።

«ለወዲያኛው ሰፈር፣ ለፒኮ ሮበርትሰኖቹስ ቀረ?» አሉ ጋሼ።

«ለነሱ አልቀረም።»

«ታዲያ ለእኛ ለምን?»

ነገረቻቸው። እንባዋ እየቀደማት፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ቦርዱ ነገረቻቸው። ጋሼ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ሰርክ ልትቀበል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የከለከልኳት።»

«እርስዎ ምን አጠፉ፣ ጋሼ? ጥፋተኞቹ እነሱ ናቸው!» ወደ ቴሌቪዥኑ በጣቷ ጠቆመች። «በዚሁ በጀት መቆረጥ በረራ ሲዘገይ ጊዜ በቀናት ውስጥ ተስማምተው አስተካከሉት አይደል? ለአውሮፕላን ሲሆን ይስማማሉ! እናንተን ግን ማን አስታወሳችሁ?»

አልሰሟትም። «ለእግዚአብሔር ብዬ ነበር» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አላወቀችም።

«ለእትዬ ሰርክ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ እርስዎ ይረፉ።»

«የለም። የከለከልኩት እኔ፣ የምነግራት እኔ።»

የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተነሱ። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ፤ ልትደግፋቸው ብትል እጇን ገፋ አደረጉት። እትዬ ሰርክ በር ላይ ሲደርሱ ለማንኳኳት እጃቸውን አነሱ። እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ከውስጥ የእትዬ ሰርክ ድምፅ መጣ፣ ደስ ያለው ድምፅ።

«ሥርጉት፣ አንቺ ነሽ? በሩ ክፍት ነው፣ ግቢ። ከጠዋት ጀምሮ ሳልበላ ነው የጠበቅኩሽ።»